ጉዳዩ፦ ሁለት ነጥብን ይመለከታል

ደብዳቤ ጽፎ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ይኖራል፤ ደብዳቤ እንዴት እንደሚጻፍ የማያውቅ ግን የለም። በስተቀኝ ከላይ ቁጥርና ቀን። በግራ «ለ» ተብሎ የመሥሪያ ቤቱ ስም፣ ከሥሩ የከተማው ስም ተሰምሮበት። መሀል ላይ «ጉዳዩ፦»። ከዚያ አንድ መስመር ባዶ ይተውና «ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው» ይባላል፤ ሙከራው ተሳክቶ እንደሆነ ማንም አይጠይቅም። መጨረሻ ላይ «ከሠላምታ ጋር»፣ ፊርማ፣ ቲተር፣ ክብ ማኅተም። ከማኅተሙ ዝቅ ብሎ በግራ በኩል «ግልባጭ፦» ይመጣና ጉዳዩ የማይመለከታቸው ሰዎች ስም ይደረደራል።

ይህን ወረቀት ሁለት ዓይነት ሰው ያነበዋል። የተጻፈለት ባለሥልጣን ሐተታውን ያነባል፤ ያነባል ተብሎም ይታመናል። መዝገብ ቤት የተቀመጠው ሠራተኛ ግን ሐተታ አያነብም። ቁጥሩን ያያል፣ ጉዳዩን ያያል፣ ግልባጩን ያያል፤ በቃ፣ ወረቀቱ የትኛው ፋይል ውስጥ እንደሚገባ አወቀ። ደብዳቤ ቅርጽ የተሰጠው ለዚህ ለሁለተኛው ሰው ሲባል ነው። ለባለሥልጣኑ ቢሆን ኖሮ ቡና ጋብዞ በቃል መንገር ይበቃ ነበር።

እኛ ባለንበት በቦንጋ ነገሩ ይብሳል። በኅዳር 2014 የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሲመሠረት መቀመጫነቱ ለአንድ ከተማ ብቻ አልተሰጠም፤ ቦንጋ፣ ተርጫ፣ ሚዛን አማንና ቴፒ ተካፈሉት። ስለዚህ ከቦንጋ የተነሣ ደብዳቤ ግልባጮቹ በሦስት አቅጣጫ፣ አብዛኛውን ዓመት ዝናብ በማያጣው መንገድ ይጓዛሉ። ጉዳዩ ላይ የተጻፈው ካልጠራ፣ ወረቀቱ የደረሰበት ከተማ ይከርማል እንጂ አይመለስም።

ይህን ሁሉ የማወራው ስለ ኮምፒውተር ልናገር ፈልጌ ነው።

ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 ጊት የተባለውን ፕሮግራም ሲሠራ፣ ችግሩ የመዝገብ ቤት ችግር ነበር። በየአገሩ የተቀመጡ እጅግ ብዙ ሰዎች ሊኑክስ የተባለውን አንድ ፕሮግራም ይነካኩታል፤ ማን ምን እንደነካ፣ መቼ እንደነካና ለምን እንደነካ ተመዝግቦ መቀመጥ አለበት። ስለዚህ አንድ ለውጥ ወደ መዝገቡ ሲገባ፣ ባለሙያዎቹ «ኮሚት» ይሉታል፣ አብሮት አጭር መልእክት ይጻፋል። ለእያንዳንዱ ኮሚት ጊት ቁጥር ይሰጠዋል፤ ፊደልና አሃዝ የተደባለቀበት፣ 40 ምልክት የሚረዝም ቁጥር ነው። ከመልእክቱ አንዲት ነጥብ ብትነካ ቁጥሩ ሌላ ይሆናል። ስርዝ ድልዝ ያለበት ሰነድ ተቀባይነት የለውም የሚለውን የኛን ሕግ ያለ ዘበኛና ያለ ቁጣ የሚያስከብር አሠራር ነው።

የመልእክቱን ቅርጽ ላየ ሰው ደግሞ የፈረንጅ ሥራ ነው ብሎ ማመን ይቸግረዋል። የመጀመሪያው መስመር አጭር ሆኖ ጉዳዩን ይናገራል። ቀጥሎ አንድ መስመር ባዶ ይተዋል። ከዚያ ሐተታ። ከሥር ደግሞ የሊኑክስ ሰዎች እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ የሚጠቀሙበት «ሳይንድ ኦፍ ባይ» የሚባል የፊርማ መስመር አለ፤ ከሱ ጋር «ሲሲ» ይገባል፣ እሱም ያው ግልባጭ ነው። የጎደለው «ከሠላምታ ጋር» ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ ሰው እንዲያነበው ነበር። ኋላ ግን አንጉላር የተባለውን የድረ ገጽ መሥሪያ የሚሠሩት ሰዎች ማሽንም እንዲያነበው ፈለጉ። የመጀመሪያዋ መስመር በተወሰነች ቃል ትጀምር አሉ። ብልሽት ከጠገንክ «ፊክስ»። አዲስ ነገር ከጨመርክ «ፊት»። ማብራሪያ ብቻ ከጻፍክ «ዶክስ»። ተጠቃሚው የማያየው የጓዳ ሥራ ከሆነ «ቾር»። ከቃሏ ቀጥሎ፣ ካስፈለገ፣ የነካኸው ክፍል በቅንፍ። ከዚያ ኮለን፣ ክፍት ቦታ፣ አጭር መግለጫ። ከዚህ ልማድ ተነሥቶ «ኮንቬንሽናል ኮሚትስ» የተባለው ደንብ ወጣ፤ ለውጡ የተጠቃሚውን ኑሮ የሚያናጋ ከሆነ ከኮለኗ በፊት «!» ይግባ የሚለው የዚህ ደንብ ነው። ደንቡ ከተከበረ አንድ ትንሽ ፕሮግራም፣ ፓርሰር የሚሉት፣ መልእክቶቹን እየፈታ ይበትናቸዋል፤ ምን ተጠገነ፣ ምን ተጨመረ፣ ምን ፈረሰ ብሎ ይለያል። የፕሮግራሙንም ቁጥር ራሱ ያድላል። 1.4.2 የነበረው በፊክስ 1.4.3 ይሆናል፣ በፊት 1.5.0 ይሆናል፣ ቃለ አጋኖ ከታየ 2.0.0 ብሎ አዲስ ዘመን ይከፍታል።

የመዝገብ ቤቱን ሠራተኛ ወንበሩን ወስደው ለማሽን ሰጡት ማለት ነው።

የእህቴ ልጅ በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቆ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ለአንድ የቡና አቅራቢ ፕሮግራም ይሠራል። ሥራው ሲነገር ቀላል ነው። ገበሬው እሸቱንም ጀንፈሉንም ያመጣል፣ ይመዘናል፣ የጆንያው ክብደት ይቀነሳል፣ ይመዘገባል፣ ማታ ሪፖርት ይወጣል። ሲሠራ ግን ማለቂያ የለውም። ጆንያ ሁሉ እኩል አይመዝንም፤ ዝናብ የመታው ጆንያ ደግሞ ከደረቁ ጋር አይተዋወቅም። ከዚያ ገዥዎች የጫካ ቡናና የጓሮ ቡና ይለይልን አሉ። የካፋ ደን እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ተብሎ ከተመዘገበ ወዲህ «ጫካ» የሚለው ቃል ከረጢቱ ላይ ሲጻፍ ያምራል፤ ቡናው ግን ሁለቱም ዘንድ ያው ቀይ ነው፣ የሚለየው መዝገቡ ነው።

ደንቡን ሳይቀበሉ በፊት የነበረውን የኮሚት መዝገባቸውን አይቼዋለሁ። እንዲህ ይነበባል፦ «አስተካከልኩ»። «አሁንም አስተካከልኩ»። «መብራት ሊሄድ ነው»። «የመጨረሻ»። «የእውነት የመጨረሻ»። «ከእውነት የመጨረሻው በኋላ»። ከነዚህ ሁሉ የተሻለ መረጃ የያዘው «መብራት ሊሄድ ነው» የሚለው ይመስለኛል፤ ቢያንስ ሥራው ለምን በግማሽ እንደቀረ ይናገራል።

አቅራቢው ነጋዴ ደግሞ ሪፖርቱ መልኩን በቀየረ ቁጥር ስልክ ያነሣል። «ዛሬ ደግሞ ምን ነካችሁ?» ይላል። ጥያቄው በሁለቱም በኩል ተገቢ ነው፤ መልስ የሚሰጥ ግን የለም። ሦስቱ ልጆች መዝገቡን ገልጠው «አሁንም አስተካከልኩ» የሚለውን አንብበው ይተያያሉ። እንግዲህ ደንቡን የተቀበሉት እንዲህ መከራ መክሯቸው ነው። ልጁም ፓርሰሩን ፓይተን በሚሉት የኮምፒውተር ቋንቋ ጻፈው፤ መልእክቶቹን ከጊት እየቀዳ፣ እየለየ፣ በየሳምንቱ ለነጋዴው በአማርኛ «የለውጥ ዝርዝር» የሚያወጣ።

ቃሏ በእንግሊዝኛ ትሁን፣ መግለጫው በአማርኛ ይሁን ተባባሉ። መግለጫውን ታዲያ እንዴት እንደሚጽፉት ብታዩ! የፈረንጁ ልማድ በትእዛዝ አንቀጽ ጻፉ ይላል፤ አስተካክል፣ ጨምር፣ አጥፋ። ልጆቹ ግን በመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ያደጉ ናቸውና እጃቸው እምቢ አለ። «ፊክስ(ሚዛን): የጆንያ ክብደት ሁለት ጊዜ እንዳይቀነስ ስለማድረግ»። «ፊት(ምዝገባ): የጫካ ቡናን ከጓሮ ቡና ለይቶ ስለመመዝገብ»። «ስለ» የሌለበት ጉዳይ ጉዳይ አይመስላቸውም። እኔም ልክ ናቸው ባይ ነኝ።

ፓርሰሩ በሥራ ላይ በዋለ ማግስት ልጁ ላፕቶፑን ይዞ ወደ እኔ መጣ።

«አጎቴ፣ እስቲ እነዚህን ሁለት መስመሮች ይዩልኝ። ልዩነታቸው ምንድነው?»

አየሁ። አንደኛው «ፊክስ: ስለማስተካከል» ይላል፤ ሁለተኛው «ፊክስ፡ ስለማስተካከል» ይላል።

«ምንም» አልኩት።

«እኔም ምንም ነው የምለው። ፓርሰሩ ግን ሁለተኛውን ደንቡን አልተከተለም ብሎ ይመልሰዋል። ሌሊቱን ሙሉ ሲመልስብኝ አደረ።»

መነጽሬን አድርጌ ጠጋ ብዬ ሳይ ነገሩ ተገለጠልኝ። ልጆቹ «ፊክስ» የምትለዋን በእንግሊዝኛ ኪቦርድ ይጽፋሉ፤ መግለጫውን ለመጻፍ ወደ አማርኛው ይዞራሉ። ኮለኗ ደግሞ የተተከለችው ድንበር ላይ ነው። ከመዞራቸው በፊት ከነኳት የላቲን ኮለን ትሆናለች፤ ከዞሩ በኋላ ከነኳት የአማርኛው ኪቦርድ የኛን ሁለት ነጥብ ያወጣላቸዋል። ለዓይን መንትያ ናቸው። ለማሽኑ ግን የላቲኗ በዩኒኮድ መዝገብ ቁጥሯ 58 ነው፤ የኛዋ እ.ኤ.አ. በ1999 ከግእዝ ፊደል ጋር ስትገባ 4961ኛውን ቁጥር ይዛለች። በመካከላቸው የብዙ አገር ፊደል ተሰልፏል። ማሽኑ 58ን ጠብቅ ተብሏል፤ 4961 በሩ ላይ ቆማ ብታንኳኳ ምን አግዶት ይከፍታል?

ይቺ ሁለት ነጥብ እንኳን ፓርሰርን እኛንም ግራ የምታጋባ ናት። በብራና ዘመን ቃልን ከቃል እየለየች በየመስመሩ ተደርድራ ትኖር ነበር። ባዶ ቦታ መጣና ሥራዋን ነጠቃት። ዛሬ ጡረታ የወጣች ባለሙያ ሆና ሰዓት ስንጽፍ፣ ርዕስ ስንጽፍ በውሎ አበል ትጠራለች። ለ«ጉዳዩ» ደግሞ ከጎኗ ሰረዝ ያላት እኅቷ አለች፤ ቁጥሯ 4966 ነው። ከሦስቱ ጓደኛሞች አንዱ እሷን ካልተጠቀመ ሞቶ ነው የሚገኘው፤ «ፊክስ፦» ብሎ ይጽፋል፤ ፓርሰሩም እሱን ከሁሉ አብልጦ ይመልሰዋል።

ሦስተኛው ልጅ ግን አንድም ቀን ተመልሶበት አያውቅም። ምሥጢሩ ሲጠና ስምምነቱን ትቶ መልእክቱን በካፋ ቋንቋ በካፊኖኖ ነው የሚጽፈው። ካፊኖኖ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ ኪቦርድ መዞር የለበትም፣ ኮለኑም ያው ኮለን ነው። ሁለቱ አማርኛ ጸሐፊዎች ዩኒኮድ ውስጥ ሲዋትቱ እሱ አቦሉን ጨርሶ ቶና ላይ ደርሷል። የፌዴራሉ የሥራ ቋንቋ በር ላይ ሲጉላላ የዞኑ ቋንቋ ሰተት ብሎ ሲገባ ያየሁት እዚያች ክፍል ውስጥ ብቻ ነው።

መድኃኒቱ ከአንድ መስመር አይበልጥም። ሬጌክስ በሚሉት የአደን ቋንቋ ውስጥ «58ን ጠብቅ» የሚለው «58 ወይም 4961 ወይም 4966 ከመጣ አስገባ» ተብሎ ተጻፈ። ልጁ በዚህ ሲደሰት እኔ ነገር ጨመርኩበት፤ ደንቡ ለቃለ አጋኖ ቦታ ሰጥቶ ለትእምርተ ስላቅ መንፈጉ ልክ አይደለም አልኩ። የተገለበጠች «¡» ያለችን ለዚሁ ዓይነት ሥራ አይደል? «ፊት(ሪፖርት)¡: ደንበኛው በሰጡን ብስለት የተሞላበት አስተያየት መሠረት አርማቸው የገጹን ግማሽ እንዲይዝ ስለማድረግ»። ልጁ ሳቀ፤ ግን አላስገባውም። ነጋዴው ዝርዝሩን ያነባል አለ። ለዚህ መልስ አልነበረኝም።

ከዚያ በኋላ የመጡት ጣጣዎች አጫጭር ናቸው። ፓርሰሩ መስመሩን በኮለን ይሰነጥቅ ስለነበር፣ «ከ2:30 በኋላ የገባ ቡና» የሚል መግለጫ ሲመጣ ሰዓቱን ለሁለት ቆርጦ ሠላሳውን ጣለው፤ በመጀመሪያው ኮለን ላይ ብቻ ሰንጥቅ ተባለ። 2:30 የተባለው በኛ ሰዓት ነው ወይስ ጊት በሚመዘግበው፣ ያ ሌላ ክርክር ነው፤ ጊት በራሱ የሚያትመው 8:30 ወይም 20:30 ነውና መልእክቱ ውስጥ «ጠዋት» ወይም «ማታ» የሚል ይጨመር ተባለ። አንዱ ልጅ መልእክቱን በ«#» ምልክትና በተራ ቁጥር ይጀምር ነበር፤ ጊት ደግሞ ኤዲተር ውስጥ በዚያ ምልክት የሚጀምር መስመር ሁሉ ማስታወሻ ነው ብሎ ይጥለዋል፤ ልጁ ጽፎ ጽፎ ጉዳይ አልባ ሆኖ ይቀር ነበር። ሐተታ ያለው መልእክት ደግሞ በመስመር ሲቆረጥ እያንዳንዱ መስመር ራሱን የቻለ ደብዳቤ መሰለና ዝርዝሩ ጭንቅላት በሌላቸው አረፍተ ነገሮች ተሞላ፤ በመልእክቶች መካከል ማንም በኪቦርድ የማይጽፋት ባዶ ባይት ትቀመጥ ተብሎ ዳነ። ከሁሉ ያሳቀኝ ጊት ራሱ ነው። አንድን ኮሚት ሰርዝ ስትለው በራሱ ቃል «ሪቨርት» ብሎ መልእክት ይጽፋል፤ መልእክቱ ኮንቬንሽናል የሚባለውን ደንብ አያከብርም። መዝገብ ቤቱ የጻፈው ደብዳቤ በራሱ መዝገብ ቤት ተመለሰ።

የርዝመቱም ነገር አለ። ጉዳዩ ከ50 ምልክት ባይዘል፣ ቢዘልም 72 ባያልፍ የሚል ልማድ አለ። የግእዝ ፊደል ግን በዩቲኤፍ 8 አጻጻፍ አንዱ ሦስት ባይት ይወስዳል። ፓርሰሩ ፊደል መቁጠሩን ትቶ ባይት ከቆጠረ 72 የተባለው 24 ፊደል ይሆናል። በ24 ፊደል አማርኛ ሰላምታ ተሰጥቶ አያልቅም።

አሁን ወደ ፈረሱላው ልምጣ።

ቦንጋ የኢትዮጵያ ምርት ገበያ መጋዘን ያለበት ከተማ ነው፤ የቡና ዋጋም በፈረሱላ ነው የሚጠራው፤ አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። የልጆቹ ሚዛን ግን በኪሎ ይናገራል፣ ሪፖርቱም በኪሎ ነበር። ከሦስቱ አንዱ፣ ያ «ፊክስ፦» የሚለው፣ በቀና ልብ ተነሥቶ ነጋዴው ከገበያው ዋጋ ጋር ለማነጻጸር እንዲመቸው የሪፖርቱን አምድ ወደ ፈረሱላ ለወጠው። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። መልእክቱ እንዲህ ይላል፦ «ቾር(ሪፖርት): የክብደት አምድን ስለማስተካከል»። ፓርሰሩ መረመረው። ቃሏ ከተፈቀዱት አንዷ ናት። ቅንፉ ተከፍቶ ተዘግቷል። ኮለኗ እንኳ ያን ቀን ትክክለኛዋ 58 ናት። እለፍ አለው። ቾር ደግሞ ተጠቃሚውን አይመለከትምና ለነጋዴው ከሚላከው ዝርዝር ውስጥ እንኳ አልገባም።

ኅዳር ነበር፣ ቡናው የሚግተለተልበት ወቅት። ነጋዴው ማታ ሪፖርቱን ሲከፍት 1,700 መሆን የነበረበት ቦታ ላይ 100 የሚል ቁጥር አገኘ። ከዚያ በኋላ የተባለውን ሁሉ መጻፍ አልችልም፤ መጋዘኑ ታሸገ፣ ዘበኛው ተጠየቀ፣ የሚዛኑ ሠራተኛ መሐላ ገባ፣ እኔ ቤት ድረስ ስልክ ተደወለ። 1,600 ኪሎ ቡና በአንድ ሌሊት የሰረቀ ሰው መኪና ያስፈልገዋል፤ ያን ቀን ደግሞ መንገዱ በጭቃ ተዘግቶ ነበር። ነጋዴው እዚህ ላይ ሲደርስ ትንሽ ረጋ አለ።

በማግስቱ እሑድ እትዬ የምንላቸው ጎረቤታችን ቡና ለመጠጣት መጡ። እትዬ በደርግ ዘመን መዝገብ ቤት ተቀጥረው እዚያው አርጅተው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። የወረቀት ራስጌ ሲለዋወጥ በዓይናቸው አይተዋል። ካፋ ክፍለ ሀገር ተብሎ ዋናው ከተማ ጅማ የነበረበትን፣ ኋላ የደቡብ ክልል የከፊቾ ሸኪቾ ዞን የተባለበትን፣ ከዚያ ካፋ ብቻውን ዞን የሆነበትን፣ አሁን ደግሞ ደቡብ ምዕራብ የተባለበትን። ልጁ የ1.4.2ን ነገር ሲያስረዳቸው ወዲያው ገባቸው። «የመጀመሪያዋ ቁጥር ማኅተም ሲቀየር ነዋ!» አሉ። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ የትም አላነበብኩም።

ሦስቱም ልጆች አንገታቸውን ደፍተው ተቀምጠዋል። እትዬ የታተመውን የኮሚት ዝርዝር ተቀበሉና ጣታቸውን እያስኬዱ ወረዱ። ጣታቸው ቆመ።

«ይሄ ቾር የምትሉት ምንድነው ልጄ?»

«የጓዳ ሥራ ነው እትዬ። ተጠቃሚው የማያየው፣ የማይነካው።»

«እና ይሄ ሰውዬ ሌሊቱን ሙሉ ዘበኛ ሲያስጨንቅ ያደረው ምን አይቶ ነው?»

ዝም ተባለ። እሳቸው ቀጠሉ።

«የክብደት አምድን ስለማስተካከል። ከምን ወደ ምን?»

«ከኪሎ ወደ ፈረሱላ፣ እትዬ።»

«የት ተጽፏል?»

የትም አልተጻፈም። ሐተታ የለውም፤ ከጉዳዩ በታች ባዶ ነው። እትዬ ወረቀቱን አጠፉና ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

«እኔ ጋ ከሁሉ የወፈረው ፋይል የትኛው እንደነበር ታውቃላችሁ? ‹ትብብር ስለመጠየቅ› የሚለው። መኪና የሚለምነውም፣ መሬት የሚለምነውም፣ ሠራተኛ አስታርቁልኝ የሚለውም፣ ሁሉም ጉዳዩ ላይ ትብብር ስለመጠየቅ ብሎ ነው የሚጽፈው። ቁጥር አለው፣ ቀን አለው፣ ማኅተም አለው። ምን ብዬ ልመልሰው? ሁሉን እዚያው ፋይል ከተትኩት። ኋላ አንዱን ፈልጊ ስባል ግማሽ ቀን ነው የሚፈጀው።»

ከዚያ ወደ ባለፈረሱላው ልጅ ዞሩ። ማን እንደሠራው ማንም አልነገራቸውም ነበር፤ ግን ዝርዝሩ ላይ ከየመስመሩ አጠገብ ስም አለ። ጊት «ብሌም» የሚባል ትእዛዝም አለው፤ ፋይሉን ይዘረጋና እያንዳንዱን መስመር መጨረሻ የነካው ማን እንደሆነ ያሳያል። ስሙ ወቀሳ ማለት ነው። እትዬ ያለዚያ ትእዛዝም ሥራቸውን ያውቃሉ።

«አንተ ክፉ ልጅ አይደለህም» አሉት። «ግን ቾር ያልከው እንዳይጠይቁህ ብለህ ነው።»

ልጁ አልካደም። ቃለ አጋኖ ያለበት ኮሚት ሲገባ ሦስቱ ተሰብስበው መወያየት እንዳለባቸው ተስማምተው ነበር፤ እሱ ደግሞ ዓርብ ማታ ነበርና ቶሎ ጨርሶ መሄድ ፈልጓል። ሁለተኛውን ቡና ሲጠጣ ይህንኑ ራሱ ተናገረ።

እኔ ከዚህ ላይ የማነሣው ነገር አለኝ፤ ሰዎች ከሚሉት ይለያል። ብዙ ጊዜ ስለ ቅርጽና ስለ ደንብ ሲወራ፣ ቅርጽ ሰውን እውነተኛ አያደርግም፣ ስለዚህ ምን ያደርጋል ይባላል። አያደርግም፤ እውነት ነው። ፓርሰሩ ያን መልእክት ያሳለፈው ሞኝ ሆኖ አይደለም፤ ሥራው ቅንፉ መዘጋቱን ማየት እንጂ አምዱ መለወጡን ማየት አልነበረም። ግን የድሮውን መዝገብ አስቡት። «አስተካከልኩ» ብሎ የጻፈን ሰው ማንም ዋሸህ ሊለው አይችልም። አስተካክሏል፤ ምን እንዳስተካከለ እሱና ፈጣሪው ያውቃሉ። «ቾር» ያለን ሰው ግን ዋሸህ ማለት ይቻላል። ከጥቂት ቃላት አንዷን መርጠህ ስምህን አጠገቧ አስቀምጥ ሲባል፣ ሰውየው ሳይወድ በግድ አንድ ነገር ይናገራል፤ የተናገረውም ሊፈተሽ ይችላል። እትዬ ጣታቸው የቆመው መስመሩ ቅርጽ ስለነበረው ነው። «ከእውነት የመጨረሻው በኋላ» የሚለው ላይ ጣት እንኳ አይቆምም።

ስለዚህ ፓርሰሩ ይጥበቅ የሚል ምክር እኔ አልሰጥም። አንዳንዱ ባለሙያ ኮሚትሊንት የሚባለውን ዘበኛ አቁሞ፣ መግለጫው በነጥብ ከተዘጋ ይመልሳል፣ ቃሉ በትልቅ ፊደል ከጀመረ ይመልሳል። እኛ ትልቅ ፊደልና ትንሽ ፊደል የለንም፤ ሁሉም ፊደላችን ያው ነው፤ ይህን ያህል እንኳ እፎይ እንበል። እንዲህ ያለ ዘበኛ ሲበዛ ሰው የሚጽፈው ዘበኛውን ለማለፍ ይሆናል። መሥሪያ ቤት ያየሁት ይህንኑ ነው፤ ጸሐፊው ሐሳቡን ለማስረዳት የሚያጠፋው ጊዜ ኅዳጉን ለማስተካከል ከሚያጠፋው ያንሳል። ማሽኑ ቅርጹን ይይዝ፣ ዝርዝሩን ግን በሳምንት አንዴ ከምን ወደ ምን ብላ የምትጠይቅ ሴት ታንብበው።

እትዬ ይህን ሥራ ተቀብለዋል። ክፍያቸው በሳምንት አንድ ኪሎ ቡና ነው፤ በፈረሱላ አይታሰብም። ሁለት ነገርም አስጨምረዋል። አንደኛው፣ የሪፖርት አምድ የነካ ኮሚት ቃሉ ምንም ቢሆን ያለ ሐተታ አይለፍ የሚል ነው፤ ይህችን ፓርሰሩ መፈተሽ ስለሚችል ወዲያው ገባች። ሁለተኛው፣ ቃለ አጋኖ ያለበት መልእክት ከሥሩ «ግልባጭ፦» የሚል መስመር ይኑረው፤ ፓርሰሩም መስመሩን ሲያገኝ ለነጋዴው አጭር የስልክ መልእክት ይላክ። ልጁ ይህን በአንድ ቀን ሠራው፤ የግርጌ መስመሮችን መፍታት ከራስጌው ይቀላል አለኝ፤ ግልባጭ የሚል ካለ ያለ ነው፣ ከሌለ የለም።

የመጀመሪያው ግልባጭ የተላከው አምዱ ወደ ኪሎ ሲመለስና ፈረሱላው በጎኑ ራሱን ችሎ ሲጨመር ነው። የፕሮግራሙ ቁጥር 2.0.0 ሆነ። ነጋዴው መልእክቱ ደርሶት ዝናቡን ተከናንቦ መጣ፤ ስልኩን ለሦስቱም አሳያቸው።

«ደርሶኛል። አንብቤዋለሁ። ጥሩ ነው የተጻፈው። ማኅተሙስ?»

ልጁ ኮሚት በጂፒጂ ቁልፍ ሊፈረም እንደሚችል፣ ማንም አስመስሎ ሊሠራው እንደማይችል፣ ጊትም ፊርማውን መርምሮ ትክክል ነው አይደለም እንደሚል አስረዳው። ነጋዴው በትዕግሥት አዳመጠ።

«በጣም ጥሩ» አለ። «ክብ ይሁን።»